ለሸማኔው ሸማ ምልክት ይውጣለት፦ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለሐበሻ ልብስ ነጋዴዎች፣ ለዲዛይነሮችና በውጭ አገር ለሚኖሩ ገዢዎች

ጉዳዩ፦ በእጅ ለተሸመነ ሸማ የጋራ የንግድ ምልክት እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ካሉት ሱቆች በአንዱ ሁለት የሐበሻ ቀሚሶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ከደረት እስከ ጫፍ የሚወርድ ጥለት አላቸው፤ ሁለቱንም ነጋዴው “የአገር ባህል” ብሎ ይጠራቸዋል። አንደኛው ግን ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ በእጁ የሸመነው ሲሆን፣ ሌላው ውጭ አገር በማሽን ታትሞ በኮንቴይነር የገባ ፖሊስተር ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ ለሚያይ ሰው ልዩነታቸው አይታይም። የሚታየው የዋጋው ልዩነት ብቻ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ለሚፈልግ መላው ቀላል ነው፤ ቀሚሱን መገልበጥ። በእጅ የተሠራ ጥበብ ከጀርባው ክሩ ይታያል፤ ባለቀለሙ ክር ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገረበት፣ የታሰረበትና የተቆረጠበት ሁሉ እዚያ አለ። የታተመው ግን ከጀርባው ቀለሙ ደብዝዞ ከመታየት በቀር ምንም ክር የለውም። ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት መሞከርም ይቻላል። ጥጥ እንደተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ ልል አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል። ችግሩ፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል ልብስ ልትገዛ የገባች ሴት ክብሪት ይዛ አትገባም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ተቀምጣ በስልኳ ፎቶ አይታ የምታዝዝ ገዢ ደግሞ ቀሚሱን መገልበጥ እንኳ አትችልም።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለእነዚህ ገዢዎችና ልብሱን ለሠራው ሸማኔ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ባለሥልጣኑ ከሸማኔዎች ማኅበራት ጋር ሆኖ፣ በእጅ ለተሸመነ ሸማ በሕግ የተመዘገበ፣ ደንብ ያለው፣ ተቆጣጣሪ ያለው የጋራ ምልክት እንዲወጣ ያድርግ።

ርካሹን የሚገዛ ሰው በዚህ ደብዳቤ አይወቀስም። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” በሚባልበት አገር፣ እጅ ያጠራት እናት ለልጇ የታተመውን ብትገዛ መብቷ ነው። ሻጩም ፖሊስተሩን “ፖሊስተር ነው” ብሎ ቢሸጥ የሚከሰው የለም። በደሉ ያለው የታተመው የተሸመነውን ስም ይዞ ሲሸጥ ነው። ያኔ ሐቀኛው ነጋዴ “የእኔ የእጅ ነው” ቢል ማስረጃ የለውም፤ ጎረቤቱም ያንኑ ይላልና። ገዢው ማመን ሲያቅተው ዋጋውን ወደ ርካሹ ይጎትተዋል፤ የጎደለው ሒሳብ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከሸማኔው የእጅ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

ያ የእጅ ዋጋ የምን ዋጋ እንደሆነ ለማወቅ ሥራውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሸማኔው ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ እግሮቹን ሰድዶ ይቀመጣል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ነጩን ሲሠራ እጁ ፈጣን ነው። ጥበቡ ጋ ሲደርስ ግን ሩጫው ይቆማል። ድሩን በጣቱ እየቆጠረ፣ ባለቀለሙን ክር በቆጠረው መካከል እያሾለከ አንዲት መስመር ይሞላል፤ ማግ ይወረውራል፤ መትቶ ያጠብቃል፤ እንደገና ይቆጥራል። አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት የተሳለ ንድፍ ከፊቱ የለም፤ ቁጥሩ ያለው በራሱ ውስጥ ነው። አንድ ድር ቢሳሳት ቅርጹ ስለሚዛነፍ ያንን መስመር ፈትቶ ይመለሳል። ከእሱ በፊት ደግሞ ጥጡን አባዝታ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። የእሷ ድካም በገበያው ላይ ከሸማኔውም ያነሰ ስም ነው ያለው።

የሸማኔ ስም በኢትዮጵያ ብዙ የተበደለ ስም ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት፣ ብረት ሠሪው “ጠይብ”፣ ሸማኔው “ቁጢት በጣሽ” እየተባለ ስለተዋረደ ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ በበዓል ቀን ሁሉም ጥበቡን ያደንቃል። ነገር ግን ቀሚሱ አንገት ላይ የዲዛይነሩ ወይም የሱቁ ስም ተሰፍቶ ይገኝ እንደሆነ እንጂ የሸመነው ሰው ስም የትም የለም።

ባለሥልጣኑ የአገር ምርትን ስም የማስጠበቅ ሥራ አያውቀውም ማለት አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 320/1995 “ጽሕፈት ቤት” ተብሎ ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የቡና ስሞቹን ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም ቀደም ሲል የሲዳሞን ስም የያዘ የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ክርክሩ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ፤ የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ለኢትዮጵያ ወግኖ ዘመቻ ከፈተ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ያከበረ ስምምነት ፈረመ። አንድ ታዳጊ መሥሪያ ቤት ከዓለም ትልቁ የቡና መሸጫ ድርጅት ጋር ተከራክሮ ያንን ማግኘቱ እስከ ዛሬ በአእምሯዊ ንብረት ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል።

በእርግጥ ሸማ ቡና አይደለም። ለቡናው የተመረጠው ተራ የንግድ ምልክት ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች የሚያመርቱትን ከረጢት ሁሉ እየመረመሩ ማረጋገጥ የማይቻል በመሆኑ። ሸማ ላይ ግን ዋናው ነገር ቦታው ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ምርመራ አይቀርም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለማኅበራት የጋራ ምልክት ቦታ ሰጥቷል። በዚህ ላይ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የጎደለው አመልካቹን የሚያደራጅና ደንቡን የሚያስጽፍ ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ያሉትን የውጭ ሄብሪዲስ ደሴቶች ማየት ይበቃል። እዚያ ሐሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ ይሸመናል። የማሽን ጨርቅ ስሙን ይዞ ገበያ መግባት ሲጀምር ደሴተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1909 ምልክት ለማስመዝገብ አመለከቱ፤ በሉልና በመስቀል ያጌጠው ያ ምልክት ዛሬም በጨርቁ ጀርባ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ1993 የብሪታንያ ፓርላማ ለዚህ ጨርቅ ብቻ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣለት። ሕጉ እንደሚለው፣ ሱፉ በደሴቶቹ ተነክሮና ተፈትሎ፣ ነዋሪዎቹ በየቤታቸው በእጅ የሸመኑት ካልሆነ ሐሪስ ትዊድ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። የሽመና ዕቃቸው እንደ ጋሞው ሸማኔ ዕቃ በእግር ኃይል ይሠራል።

የምልክቱን ጥቅም ከሁሉም በላይ ያሳየው አንድ ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ናይኪ ለስፖርት ጫማ የሚሆን ጨርቅ ፈልጎ ለስከንታየር በምትባል መንደር ከቤቱ አጠገብ ባለች ጎጆ ወደሚሸምነው ዶናልድ ጆን ማካይ ደወለ። የተጠየቀው መጠን ወደ 10,000 ሜትር የሚጠጋ ሆነ፤ አንድ ሰው ብቻውን በጊዜው ሊያደርሰው የማይችለው ነበር። ማካይ ግን “አልችልም” አላለም። ሥራው በደሴቶቹ ላሉ ሌሎች ሸማኔዎች ተከፋፈለ፤ ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ደንብና በአንድ ምልክት ስለነበረ ናይኪ የተረከበው ጨርቅ የማንም ይሁን የማን ያው ሐሪስ ትዊድ ነበር። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከውጭ አገር የሚመጣ ትልቅ ትእዛዝ ሲያጋጥመው የሚያጣው ይህንኑ ነው። ሙያ ሞልቶታል፤ የጎረቤቱ ሥራ ከእሱ ሥራ ጋር እኩል መሆኑን ለገዢው የሚመሰክርለት ግን የለም።

ያው ናይኪ ከ15 ዓመት በኋላ በሌላ የዓለም ክፍል ሌላ ነገር ገጠመው። የፓናማ የጉና ሕዝብ ሴቶች ሞላ የሚባል፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረቡና እየቆረጡ የሚሰፉት ጥበብ አላቸው። ፓናማ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 20 የነባር ሕዝቦችን የጋራ የጥበብ መብት የሚመዘግብ ሥርዓት ዘርግታለች፤ ሞላም በዚያ ተጠብቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ናይኪ የሞላ ቅርጽ ያለበት ጫማ ሊያወጣ ሲል፣ ያውም የፖርቶ ሪኮ ጥበብ ነው ብሎ፣ የጉና ተወካዮች ተቃወሙ፤ ድርጅቱ የጫማውን መውጣት ሰረዘ። በአንዱ ቦታ ገዝቷል፣ በሌላው ቦታ ተከልክሏል። ሁለቱንም ያስቻለው የጥበቡ ባለቤት ማን እንደሆነ በመዝገብ መታወቁ ነው።

ምልክት ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1985 አንዳንድ ጨርቆች በእጅ ሽመና ብቻ እንዲሠሩ በሕግ ከለለች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ለእጅ ሽመና የራሱን ምልክት አወጣች። ሆኖም በኤሌክትሪክ ማሽን የተሠራ ሳሪ የእጅ ሥራ ተብሎ መሸጡ እዚያም አላበቃም። ምልክቱን የሚሰጥ ቢሮ ተከፍቶ ገበያውን የሚዞር ተቆጣጣሪ ካልተመደበ፣ አስመሳዩ ምልክቱንም አስመስሎ ያትማል። በሐሪስ ትዊድ ተቆጣጣሪው ጨርቁን አይቶ ካላተመ ምልክቱ አያርፍበትም፤ ለማኅተሙ የሚከፈለው ክፍያም የቁጥጥር ተቋሙን ያስተዳድራል።

ከባዱ ሥራ ደንቡን መጻፍ ነው፤ እዚህ ላይ ማለባበስ አይጠቅምም። “የእጅ ሥራ” ሲባል እስከ የት ነው? ዛሬ በሽሮ ሜዳ ከሚሸመነው ብዙው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉም ቢሆን ሁልጊዜ በእንዝርት የተፈተለ አይደለም። ለጥለቱ የሚገባው ባለቀለም ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ደንቡ ሁሉም ክር በእጅ የተፈተለ ይሁን ቢል፣ ምልክቱ ለጥቂት ጋቢዎች ጌጥ ሆኖ ይቀርና ብዙኃኑን ሸማኔ ከደጅ ያስቀራል። ምንም መስፈርት ካልኖረ ደግሞ ምልክቱ ዋጋ አይኖረውም። ስኮትላንዳውያኑም ክሩ የት መፈተል እንዳለበት በፍርድ ቤት እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ድረስ ተሟግተውበታል። የሚሻለው መንገድ ሁለት ደረጃ ማውጣት ይመስላል፦ አንዱ በእጅ ለተሸመነ ሁሉ፣ ሌላው ማጉ በእንዝርት ለተፈተለና በእጅ ለተሸመነ። የክሩ ዓይነት በሁለቱም ላይ በግልጽ ይጻፍ። ያኔ ፈታይዋም በዋጋው ውስጥ ቦታ ታገኛለች።

ሌላው ደንቡ ሊያልፈው የማይገባ ነገር የሕፃናት ጉዳይ ነው። ከጋሞ ደጋ በትምህርት ተስፋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሽመና ጉድጓድ ውስጥ የሚቀሩ ልጆች እንዳሉ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ከሚሠሩ ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አንዳንዱ “ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው” በማለት ይከላከላል። ከትምህርት ቤት መልስ አባቱ ጎን ተቀምጦ መቁጠር የሚማር ልጅና ከቤተሰቡ ተለይቶ ሌሊት ሳይቀር የሚሸምን ልጅ ግን አንድ አይደሉም። ምልክቱ ይህን ለይቶ የሚያጣራ ካልሆነ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይረክሳል፤ ደግሞም መርከስ ይገባዋል።

ያለ መንግሥት ምልክት መንገዳቸውን ያበጁ ድርጅቶች መኖራቸው እውነት ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ የጎማውን በረባሶ ወስዶ፣ በእጅ በተሠራ ጨርቅ አልብሶ በዓለም ገበያ አዘዋውሮታል። በዚያው ዓመት ካናዳዊቷ ካቲ ማርሻል የመሠረተችው ሳባሃር የሐር ትል እርባታን ከኢትዮጵያ ሽመና ጋር አገናኝቷል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለምን ያቋቋመችው ሥራ ያጡ ሸማኔዎችን አይታ ነው። እነዚህ ስሞች ለውጭ ገዢ አንድ ነገር አረጋግጠዋል፤ ልብሱ ከየት እንደመጣና ሠራተኛው በአግባቡ እንደተከፈለው ሲነገረው ዋጋውን ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይህን ለማረጋገጥ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን መስፈርት አሟልተዋል።

ያንን ማስረጃ ማውጣት ግን የድርጅት አቅም ይጠይቃል። ኦዲት አለ፤ በእንግሊዝኛ የሚሞላ ፎርም አለ፤ በየዓመቱ የሚከፈል መዋጮ አለ። ሦስት አራት የሽመና ዕቃ ተክላ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቀጥራ በቴሌግራም የምትሸጥ ወጣት ይህን ከየት ታመጣለች? አዲስ ጥለት አውጥታ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ላስመዝግብ ብትል እንኳ፣ ምዝገባው አልቆ ወረቀቱ እጇ ሳይገባ ጥለቱ ተቀድቶ በየሱቁ ይሰቀላል። ከጥንት የመጣው ጥለት ደግሞ አዲስ ስላልሆነ በማንም ስም ሊመዘገብ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቷ ትንሽ ድርጅት የሚሆነው ከሌሎች ጋር የምትጋራው ምልክት ብቻ ነው።

ጊዜው ደግሞ ይበልጥ ጠብቧል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ወጥታለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 መጨረሻ ደግሞ ዋጋቸው ከ800 ዶላር ያልበለጠ ጥቅሎች ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገቡበት አሠራር ለሁሉም አገሮች ቆመ። በፖስታ አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ነጠላ እየላኩ ይኖሩ የነበሩ ትንንሽ ሻጮች ዋጋ ለመጨመር ተገደዋል። ዋጋ የጨመረን ዕቃ ገዢ የሚታገሠው እውነተኛነቱን ካመነ ነው።

ስለዚህ ከባለሥልጣኑ የሚጠበቀው ይህ ነው። የሽሮ ሜዳንና በጋሞ ደጋ ያለችውን የጨንቻን ሸማኔዎች ማኅበራት፣ ፈታዮችን፣ ልብስ ሰፊዎችንና ዲዛይነሮችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጥ። ምልክቱ የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የማኅበራቱ ንብረት ይሁን፤ ባለሥልጣኑ መዝጋቢና ጠባቂ ሆኖ ይቁም። የማኅተሙ ክፍያ በልብስ ቁጥር ይሁን እንጂ ሸማኔው ገና ሳይሸጥ የሚጠየቀው መዋጮ አይሁን። እያንዳንዱ ሸማኔ የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረውና ቁጥሩ ከልብሱ ጋር ይሂድ፤ ዳላስ ያለች ገዢ ቁጥሩን አስገብታ ማን እንደሸመነላት ትወቅ። በአገር ውስጥ ሥራው ሲጸና፣ ቡናው ላይ እንደተደረገው ምልክቱ በአሜሪካና በአውሮፓ ይመዝገብ። ጉምሩክም የታተመ ጨርቅ “የባህል ልብስ” ተብሎ ሲገባ ሊያስቆመው የሚችልበት ማስረጃ ያኔ ይኖረዋል።

ነጋዴዎች ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርባቸውም። የታተመውንና የተሸመነውን በተለያየ መስቀያ መስቀል፣ በደረሰኝ ላይ “በእጅ የተሸመነ” ወይም “የታተመ” ብሎ መጻፍ ዛሬ የሚቻል ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በለንደንና በቴል አቪቭ የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ ሱቆችም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ገዢዎቻቸውም የጥለቱን ጀርባ የሚያሳይ ፎቶ ከመክፈላቸው በፊት ቢጠይቁ፣ ገበያው ከወዲሁ መለየት ይጀምራል።

የደንቡ ረቂቅ ሲዘጋጅ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በጋሞኛም ይጻፍ፤ ከመጽደቁ በፊት በጨንቻና በሽሮ ሜዳ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሸማኔው “ይህ አይሠራም” የሚልበት ቀን ተለይቶ ይሰጠው። ባለሥልጣኑ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስም፣ እሺታም ይሁን እምቢታ፣ እንደ ደብዳቤው በአደባባይ ቢሆን ጥያቄውን ያቀረቡት ሁሉ ያከብሩታል።

ከአክብሮት ጋር